ከሳጥኑ ሳታወጡ አምጡልን

(ደብረ ማርቆስ ላይ ለእድር ጸሐፊዎች፣ ለቀበሌ መዝገብ ቤት ሠራተኞችና ለነባር ቤተሰቦች በአንድ የቤተ መዛግብት ሠራተኛ የተደረገ ንግግር። ጥቂት ድግግሞሽ ከመቀነሱ በቀር እንደተነገረ ቀርቧል።)

የተከበራችሁ አባቶች፣ የተከበራችሁ እናቶች፣ የእድር ዳኞችና ጸሐፊዎች፣ ከየቀበሌው የመጣችሁ የመዝገብ ቤት ባልደረቦች፣ ከኋላ የቆማችሁ ወጣቶች፤ እንደምን አረፈዳችሁ? ወንበር ስላነሰ ይቅርታ። ግድግዳውን የተደገፋችሁ እዚህ ፊት ቦታ አለ፣ ኑ ቅረቡ።

በጥያቄ ልጀምር። ከመካከላችሁ በቤቱ አንድም አሮጌ ወረቀት የሌለው ማን ነው? እጅ አውጡ እስቲ። የለም። አንድም የለም። ታዲያ ቤታችሁ ስንመጣ ሁላችሁም የምትሉን አንድ ቃል ነው፦ «እኛ ዘንድ ታሪክ የሚባል ነገር የለም፤ ያለው የአባታችን የግብር ደረሰኝና ውዳቂ ወረቀት ነው።» ዛሬ የምነግራችሁ ስለዚሁ ደረሰኝና ስለዚሁ ውዳቂ ወረቀት ነው።

በሦስት ነገር ላይ እናገራለሁ። ምን እንድታመጡ፣ እስክታመጡት እንዴት እንድትይዙት፣ ካመጣችሁት በኋላ እኛ ዘንድ ምን እንደሚደረግበት። ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር ያዙልኝ።

የቀድሞው የጎጃም ጠቅላይ ግዛት ሰባት አውራጃ ነበረው፦ ደብረ ማርቆስ፣ ቢቸና፣ ሞጣ፣ ቆላ ደጋ ዳሞት፣ አገው ምድር፣ ባሕር ዳርና መተከል። የእነዚህ ሁሉ ደብዳቤ የሚጎርፈው ወደዚህ ከተማ ነበር። ዶሴው እዚህ የተጠራቀመው በዚህ ምክንያት ነው። አሁን ዶሴ ግለጡና ተመልከቱ። ውስጡ ያለው ምንድን ነው? ወደ ቢሮው የገባው አቤቱታ ዋናው አለ፤ ገቢ ቁጥርና ቀን ተጽፎበታል፣ ጥጉ ላይ የሹሙ ትእዛዝ ተመርቶበታል። ከቢሮው የወጣው መልስስ? እሱ ግልባጩ ነው ያለው፤ ብዙ ጊዜ በካርቦን የወጣ፣ የደበዘዘ፣ ፊርማ የሌለው። ፊርማና ማኅተም ያለበት ዋናው የት ሄደ? ለባለጉዳዩ ተሰጠ። ባለጉዳዩ ማን ነው? አያታችሁ ናቸው። እናንተ የጻፋችሁት ዋናው እኛ ዘንድ ነው፤ ቢሮ የጻፈው ዋናው እናንተ ዘንድ ነው። አንዱ ዶሴ ለሁለት ተከፍሎ ግማሹ መደርደሪያ ላይ፣ ግማሹ አልጋ ሥር ነው ያለው።

ምሳሌ ልስጥ። በኅዳር 1960 የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 255 ወጣ። ጎጃም ውስጥ ቢቸና፣ ሞጣ፣ ዳሞት እንዴት እንደተነሣ ታላላቆቻችሁ ታውቃላችሁ። እንዲህ ባለ ጊዜ የተላከ አቤቱታ ሲገኝ ከታች ብዙውን ጊዜ የጣት አሻራ ተርታውን ተደርድሯል። ስም አለ፣ አሻራ አለ። ሰዎቹ በኋላ ምን ተባሉ? ታሰሩ? ምሕረት ተደረገላቸው? ከፈሉ? ዶሴው «ከነአባሪው ተመልሷል» ብሎ ይዘጋል። አባሪው ቤት ነው። አባሪው እናንተ ቤት ነው!

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ነጥብ። ምን እናምጣ?

ደረሰኝ አምጡ። ደረሰኝን የምትንቁት ስለማይነበብ ሳይሆን አይቀርም፤ ማንበብ ከለመዳችሁ ግን ደረሰኝ ብዙ ያወራል። በቀላድ፣ በመለኪያ ገመድ ማለት ነው፣ በተለካ አገር ደረሰኙ መሬቱን ለም፣ ለም ጠፍ፣ ጠፍ እያለ ይለያል። የእኛ አገር ርስት ቀላድ ሳይገባበት ስለኖረ ግብሩ የሚከፈለው በአባት ስም ነው። ስለዚህ ደረሰኙ ላይ ያለው ስም የራሱ የአራሹ ነው ብላችሁ አትደምድሙ። ከብዙ ትውልድ በፊት የሞተ አቅኚ አባት ሊሆን ይችላል፤ ወይም ከወንድማማቾቹ ተሰብስቦ የሚከፍለው ተወካይ ሊሆን ይችላል። ልጆች ይህን ሳያውቁ «ይህ የእኛ አይደለም» ብለው የሚጥሉት ደረሰኝ ስንት ነው!

ከዚያ አርእስቶቹን ተመልከቱ። የትምህርት ግብር የመጣው በ1940 ነው፣ የጤና ግብር በ1951። አስራት የቀረው በ1960ው አዋጅ ነው። እንግዲያው ቀኑ በብል የተበላ ደረሰኝ ጤናም አስራትም ካለበት በ1951 እና በ1960 መካከል ነው ማለት ነው። ግን ተጠንቀቁ! ውዝፍ የሚባል ነገር አለ። ሰውዬው በ1962 የ1958ን ውዝፍ ሊከፍል ይችላል። የተከፈለበት ቀንና የተከፈለለት ዘመን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ስትመዘግቡ ሁለቱንም መዝግቡ።

የእድር መዝገብ አምጡ። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760 የወጣው በ2004 ነው፤ ሥራው የተጀመረውም በ2008 መጨረሻ ላይ ነው። ከዚያ በፊት በዚህ ከተማ ማን መቼ እንደሞተ የሚያውቀው ማን ነው? የእድር ጸሐፊ ነው። «ለእገሌ ቀብር ይህን ያህል ወጪ» ተብሎ ቀኑ ተጽፏል። የመዋጮው መጠን ከዓመት ዓመት ሲያድግ የኑሮውን ውድነት ያሳያል። የእድር ጸሐፊዎች፣ ደብተሩ ሲያልቅ የት ታደርጉታላችሁ? ሳቃችሁ በቂ መልስ ነው።

የሰማንያ ውል፣ ኑዛዜ፣ የእርቅ ስምምነት፣ የራሽን ካርድ፣ የትምህርት ቤት ካርድ፣ ከክፍለ ጦር የተላከ ደብዳቤ፣ ፎቶግራፍ፤ ይህን ሁሉ አምጡ። ዳዊትንም አትርሱ። የቤተሰብ ዳዊት መጀመሪያውና መጨረሻው ላይ ባዶ ቅጠል አለው፤ ልጅ ሲወለድ፣ ክርስትና ሲነሣ፣ አባት ሲሞት የሚጻፈው እዚያ ነው። ዳዊቱን ስጡን አላልኩም፤ የጸሎት መጽሐፋችሁ ነው። ያንን ቅጠል ፎቶ እናንሣው ነው የምለው።

እዚህ ላይ ከመንገዴ ትንሽ ልውጣ፤ ባሕረ ሐሳብ፣ የቤተ ክርስቲያኑን የዘመን ቀመር፣ የምታውቁ አባቶች ታርሙኛላችሁ። የድሮ ደብዳቤ ብዙውን ጊዜ ዓመት የለውም። «ዘመነ ሉቃስ፣ የኅዳር ሚካኤል ዕለት ሐሙስ ተጻፈ» ይልና ያበቃል እንበል። ወጣቶቹ ይህን ሲያዩ «ዓመተ ምሕረት አልባ» ብለው ያልፉታል። ዓመት አልባ ግን አይደለም!

በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ጨምሩ፤ ይህ ዓመተ ዓለም ይባላል። እሱን ለ4 አካፍሉ። ቀሪው 1 ከሆነ ማቴዎስ፣ 2 ከሆነ ማርቆስ፣ 3 ከሆነ ሉቃስ፣ ምንም ካልቀረ ዮሐንስ። ስለዚህ ከ1900 እስከ 1930 ያለውን ብንወስድ ሉቃስ የሚሆኑት 1903፣ 1907፣ 1911፣ 1915፣ 1919፣ 1923፣ 1927 ናቸው። ከሰባቱ የትኛው ነው? አሁን ዕለቱን እንጠይቅ። ዓመተ ዓለሙንና ለ4 ተካፍሎ የተገኘውን መጠነ ራብዒት ደምሩ፣ ለ7 ግደፉ። ቀሪው 1 ከሆነ መስከረም 1 ማክሰኞ ይውላል፣ 2 ረቡዕ፣ 3 ሐሙስ፣ እያለ ይሄዳል፤ ምንም ካልቀረ ሰኞ ነው። ለ1911 እንሥራው፦ 7411 እና 1852 ሲደመር 9263፤ ለ7 ሲገደፍ 2 ይቀራል። መስከረም 1 ረቡዕ ዋለ። ከመስከረም 1 እስከ ኅዳር 12 ድረስ 71 ቀን ነው፤ አሥር ሳምንትና አንድ ቀን። ስለዚህ ኅዳር 12 ሐሙስ ዋለ። ሌሎቹን ስድስት ዓመታት ብትሞክሩ አንዳቸውም ሐሙስ አይሰጧችሁም፤ ወንጌላዊውና ዕለቱ ተጣምረው የሚመለሱት በ28 ዓመት አንዴ ነው። ወይ 1883፣ ወይ 1911፣ ወይ 1939።

ከሦስቱስ የትኛው? እዚህ ላይ ሒሳብ ያቆማል፤ የሚናገረው ደብዳቤው አብሮት የታሰረው ነገር ነው። አጠገቡ ያለው ወረቀት ስለ ጠገራ ብር የሚያወራ ከሆነ ከ1939 ይልቅ ወደ 1883 ወይም ወደ 1911 ያደላል፤ በጠገራው ምትክ አዲሱ የኢትዮጵያ ብር የወጣው በሐምሌ 1937 ነውና። ማዕረግም ይናገራል። ተፈሪ መኰንን ራስ የተባሉት በመስከረም 1909፣ ንጉሥ የተባሉት በመስከረም 1921፣ የንጉሠ ነገሥትነት ዘውድ የጫኑት በጥቅምት 1923 ነው። በእኛም አገር «ራስ አዳል» የሚል ወረቀት ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ከነገሡበት ከጥር 1873 በፊት ነው። ደብዳቤው ስለ በሽታ የሚያወራ ከሆነማ እናንተው ታውቁታላችሁ፤ ኅዳር 1911 ያ የኅዳር በሽታ ሰው የፈጀበት ወር ነው፤ ዛሬም ኅዳር የምናጥነው ለዚያው ነው።

ይህን ያነሣሁት ሒሳብ ላስተምር ብዬ አይደለም። የዛሬው ዋና ልመናዬ አንድ ነው፤ ሦስቴ ብደጋግመው አትሰልቹኝ። ሳትለዩ አምጡ። ሳትለዩ አምጡ። እባካችሁ ሳትለዩ አምጡ! ያ ደብዳቤ በክር ታስሮ ከሦስት ደረሰኝና ከአንድ ፖስታ ጋር ከተቀመጠ ዓመቱን እናገኘዋለን። የተማረው ልጅ መጥቶ «ደብዳቤውን ለብቻ፣ ደረሰኙን ለብቻ፣ ፎቶውን ለብቻ» ብሎ ካደራጀው ግን ዓመቱ ጠፋ። ፖስታውን «ባዶ ነው» ብሎ ከጣለው ደግሞ የፖስታ ቤቱ ማኅተም አብሮ ሄደ። በክር የታሰረውን በክሩ፣ ጨርቅ ውስጥ ያለውን በጨርቁ፣ ቆርቆሮ ውስጥ ያለውን በቆርቆሮው አምጡት።

ሁለተኛው ነጥብ አያያዝ ነው። ብዙውን ወረቀት የሚያጠፋው ቸልታ ይመስላችኋል? ከቸልታ ይልቅ ደግነት ነው የሚያጠፋው። ቸል የተባለ ወረቀት ቆጥ ላይ ጢስ እየጠጣ ሃምሳ ዓመት ይቀመጣል። የተወደደ ወረቀት ግን ላሚኔት ይደረጋል። ላሚኔት ፕላስቲኩን በሙቀት ከወረቀቱ ጋር ያጣብቀዋል፤ ከዚያ ወዲያ ማንም ሊያላቅቀው አይችልም። ማኅተሙ፣ አሻራው፣ የብዕሩ ጭረት ሁሉ እንደ ታሸገ ይቀራል። ስኮችም እንዲሁ። የተቀደደውን ስኮች ስታለብሱት ጥቂት ዓመት ያምራል፤ ከዚያ ፕላስቲኩ ይረግፋል፣ ማስቲሹ ግን ወረቀቱ ውስጥ ገብቶ ቡናማ ይሆናል፣ ፊደሉንም ይበላዋል። ወረቀት ከተቀደደ ሁለቱን ክፋይ ባንድ ንጹሕ ወረቀት አጥፋችሁ አስቀምጡ። ሌላ ምንም አታድርጉ።

ስቴፕለርና አግራፍ ይዝጋል፤ ዝገቱ ወረቀቱን ይበሳዋል። ቢሆንም እናንተ አትንቀሉት። ስትጎትቱት የዛገው አፍ ይዞ ይቀዳል። እኛ ዘንድ ከሥሩ ቀጭን ፕላስቲክ ሸርተት አድርገን፣ አፉን አንድ በአንድ አቅንተን ነው የምናወጣው።

ብል ለመከላከል ናፍታሊን ወረቀቱ መካከል የምትነሰንሱ፣ ፍሊት የምትረጩም አላችሁ። ፍሊቱ ቀለሙን ያበላሻል፤ ሽታው ደግሞ ሣጥኑን የሚከፍተውን ሰው ሳንባ ነው የሚጎዳው። ምስጥ ከመሬትና ከግድግዳ ነው የሚመጣው፤ ሣጥኑን ከወለል ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጉት፣ ከግድግዳውም ትንሽ አርቁት። ከሥሩ የአፈር መስመር ሲሠራ እንድታዩት በየወሩ ጎንበስ ብላችሁ ተመልከቱ። ከመርጨት መመልከት ይሻላል።

ፌስታል ውስጥ አታስቀምጡ። ደብረ ማርቆስ ክረምቱን ታውቁታላችሁ፤ ፌስታል እርጥበቱን ያፍነዋል፣ ሻጋታ ያበቅላል። የጨርቅ ከረጢት ወይም ክዳኑ በደንብ የሚገጥም ካርቶን ይሻላል።

ጣሪያው አፍስሶ ወረቀቱ ቢረጥብስ? ይህን በጥሞና ስሙኝ፤ ሻጋታ ለመያዝ ሁለት ቀን ይበቃዋል። የራሰውን ጥራዝ ገጽ በገጽ ለመላቀቅ አትሞክሩ፤ እርጥብ ወረቀት እንደ እንጀራ ነው የሚቦጨቀው። ፀሐይ ላይ አታውጡት፣ ምድጃ ዳር አታስጠጉት፣ በካውያም አትተኩሱት። ጥላ ውስጥ፣ ነፋስ በሚያልፍበት ቦታ፣ ንጹሕ ጨርቅ ላይ ዘርጉት። ከሥሩ ያለውን ጨርቅ ሲርስ ለውጡ። ጥራዙ ወፍራም ከሆነና የማትችሉት ከሆነ በፕላስቲክ ጠቅልላችሁ ፍሪዘር ውስጥ ክተቱት፤ ሥጋ ቤትም ቢሆን ለምኑ። ቅዝቃዜው አያድነውም፤ ግን ሻጋታውን ያስቆመዋል፣ ለእኛም ጊዜ ይሰጠናል። ሲረጥብ ወይን ጠጅ ቀለም በሚለቅ እርሳስ የተጻፈ ከሆነ ደግሞ አጠገቡ ካለው ወረቀት ቶሎ ለዩት፤ አንዱ ሌላውን ያቀልመዋል። በጥላሸት የተበጠበጠ የደብተራ ቀለም ብርሃን አያደበዝዘውም፤ የፋብሪካው ሰማያዊ ግን ግድግዳ ላይ በመስታወት የሰቀላችሁት እንደሆነ ፀሐይ ይልሰዋል። የንጉሡ ማኅተም ያለበትን ደብዳቤ ሳሎን የሰቀላችሁ፣ ቅጂውን ስቀሉ፣ ዋናውን አውርዱ።

ፎቶግራፍ ላይ የምለው አጭር ነው። ጀርባው ላይ በለስላሳ እርሳስ ጻፉ፣ በእስክሪብቶ አይደለም። ስም ከነአባትና ከነአያት፣ ቦታና ዘመን ይኑረው። «እናታችን» ብቻ አትበሉ፤ የማን እናት?

ስልክ ያላችሁ ወጣቶች፣ ይህ የእናንተ ነው። ጠዋት መስኮት አጠገብ፣ ያለ ፍላሽ፣ ስልኩን ከወረቀቱ ትክክል በላይ አድርጋችሁ አንሡ። አንግል ካለው ጠርዙ ይጠባል፣ ፊደሉ ይንጋደዳል። ወረቀቱ አጠገብ ማስመሪያ አስቀምጡ፤ መጠኑ ይታወቃል። የመጀመሪያው ፎቶ «የእገሌ ቤት፣ ሣጥን አንድ» የሚል ጽሑፍ ይሁን። ከዚያ ፊቱን፣ ጀርባውን፣ ፖስታውን፣ በታሰረበት ቅደም ተከተል። ፊቱ ባዶ ቢመስልም ጀርባውን አንሡ። በቴሌግራም ስትልኩልን እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩት፤ እንደ ፎቶ ሲላክ ይጨመቅና የግዕዝ ቁጥሩ ፮ ይሁን ፯ መለየት ያቅተናል። አንድ ዓመት የሚያሳስተው ይህች ሰረዝ ናት። እኛ ዘንድ ስካን ሲደረግ ለጽሑፍ 400 ዲፒአይ፣ ለፎቶግራፍ 600 ነው፤ ዋናው በቲፍ፣ መመልከቻው በጄፔግ ይቀመጣል። ሦስት ቅጂ፣ አንዱ ከዚህ ከተማ ውጭ።

ሦስተኛው፤ ካመጣችሁ በኋላ። መጀመሪያ ውል ነው። ስጦታ አለ፣ አደራ አለ፣ ቅጂ ብቻ አለ። ስጦታ ከሆነ የቤተ መዛግብቱ ይሆናል። አደራ ከሆነ የእናንተ ነው፤ እኛ ጠባቂ ነን፣ በውሉ መሠረት ትወስዱታላችሁ። ቅጂ ከሆነ ዋናውን ይዛችሁ ትሄዳላችሁ። ከመፈረማችሁ በፊት ወንድም እኅቶቻችሁን ጠይቁ። ሥራችንን የሚያውከው ምስጥ ብቻ አይደለም፤ ታላቅየው አምጥቶ ሲፈርም ታናሽየዋ በሳምንቱ «ማን ፈቀደለት» ብላ የምትመጣበት ጊዜም አለ። እውነቷን ነው።

የእርቅና የደም ጉዳይ ያለበት ወረቀትስ? በደርግ ዘመን ጎረቤት በጎረቤቱ ላይ የጻፈው ጥቆማስ? ልጆቹ ዛሬ ጉርብትና ላይ ናቸው። እንዲህ ያለው ለተወሰነ ዘመን ተዘግቶ እንዲቆይ በውሉ ላይ ይጻፋል፤ ዘመኑን ከእናንተ ጋር እንቆርጣለን። ማቃጠል ግን አይሆንም። «ማንንም እንዳይጎዳ አቃጠልነው» የምትሉን አላችሁ፤ በዚያው ወረቀት ንጹሕነቱ ሊታወቅ ይችል የነበረ ሰውም አብሮ ተቃጥሏል።

ከውሉ በኋላ ሣጥኑ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ማን አመጣው፣ ከየት ቤት፣ በምን ሁኔታ ተቀምጦ ነበር የሚለው ይመዘገባል። ከዚያ ተባይ እንዳይኖርበት ጥቂት ሳምንት ለብቻው ታሽጎ ይቆያል። ሲከፈት መጀመሪያ እንዳለ ፎቶ ይነሣል። ለስላሳ ብሩሽ ይዘን ከመሐል ወደ ዳር አቧራውን እናራግፋለን፣ የታጠፈውን እናቃናለን፣ አሲድ በሌለው አቃፊ ውስጥ እናስገባለን። በአንድ አቃፊ ከ40 ቅጠል አናስበልጥም፤ ከበለጠ መሐሉ ይጎብጣል። ጥጉ ላይ በእርሳስ የሣጥን፣ የአቃፊና የቅጠል ቁጥር ይጻፋል። ቅደም ተከተሉ እናንተ ያመጣችሁት ቅደም ተከተል ነው። እኛም አንለይም።

የቀበሌ መዝገብ ቤት ባልደረቦች፣ ለእናንተ ለብቻ አንድ ቃል። ቢሮ ሲዛወር «አሮጌ ፋይል ይወገድ» ሲባል ብቻችሁን አትወስኑ። መዛግብትን በሚመለከት አዋጅ ቁጥር 179/1991 አለ። የገቢና ወጪ ደብዳቤ መዝገቡን ከሁሉ አስቀድማችሁ አድኑ፤ ደብዳቤዎቹ ቢጠፉ እንኳ ማን ለማን ስለ ምን እንደጻፈ እሱ ይነግረናል። ፋይሉ ቢተርፍና መዝገቡ ቢጠፋ ግን የጎደለውን እንኳ አናውቀውም።

የመጨረሻው፤ ሁላችሁም በልባችሁ የያዛችሁት ጥያቄ። «የርስቱን ወረቀት ባመጣ መሬቱ ይመለስልኛል?» «ብሰጥስ መብቴን አጣለሁ?» ሁለቱም አይደለም። የገጠር መሬት በየካቲት 25 ቀን 1967 በአዋጅ ቁጥር 31፣ የከተማው ቦታና ትርፍ ቤት በዚያው ዓመት ሐምሌ በአዋጅ ቁጥር 47 ወደ መንግሥት ዞሯል። የርስት ደረሰኝ ዛሬ ታሪክ ነው፣ የይዞታ ማስረጃ አይደለም። አሁን ያላችሁን የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ግን ለማንም አትስጡ፣ ለእኛም ቢሆን። ብታመጡትም አንቀበላችሁም፤ ቤታችሁ ይቀመጥ።

በሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ውሉ በሦስቱም ዓይነት ታትሞ አለ፤ ወስዳችሁ ከቤተሰብ ጋር አንብቡት፣ ዛሬ አትፈርሙ። መጓዝ ለማትችሉ እኛ ቤታችሁ እንመጣለን። ፊት ለፊቴ ያሉት አባት እጃቸውን ካወጡ ቆዩ፤ ስለ ወንጌላዊው ሒሳብ ያሳሳትኩት ነገር ሳይኖር አይቀርም። ይበሉ አባቴ፣ ማይኩን ይያዙ።